ዝምድና፦ አለ ወይስ የለም

ጥቅምት 4

ለልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ በሸተተው ቁጥር ይከራከረኛል።

ደብዳቤሽን ትናንት በእረፍት ሰዓት መምህራን ክፍል ተቀምጬ አነበብኩት። ሦስት የፊደል ስህተት አግኝቻለሁ፤ አርሜ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ደግሞ ብሬሉን ጠንከር አድርገሽ ውጊው፤ በጣቴ ስዳስሳቸው ነጥቦቹ ሳስተውብኛል። ስልክ ከመደወል መጻፍሽን ግን ወድጄዋለሁ። ስልክ ለልደትና ለሞት ነው፤ ቁም ነገር ወረቀት ይፈልጋል።

ስለ ማተሚያው የሰማሽው እውነት ነው። ማን እንደነገረሽም አውቃለሁ፤ የሒሳብ መምህሯ አፍ ወንፊት ነው። የብሬል ማተሚያችን ከሐምሌ ጀምሮ አይሠራም። ጠጋኙ ከፍቶ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ “ነፍስ ይማር” ብሎ ክዳኑን መለሰው።

የሚቆጨኝ ጊዜው ነው። ዘንድሮ የፈተናው ጽሕፈት ቤት፣ “የራሳችሁ ማተሚያ ካላችሁ ጥያቄውን በታሸገ ፖስታ ከተቆጣጣሪ ጋር እናመጣለን፤ እዚያው ታትሞ ልጆቹ ራሳቸው ያንብቡ” ብሎናል። ይህን ፈቃድ ስጠይቅ ዓመታት አልፈዋል። ማተሚያ ከሌለን ግን እንደ ወትሮው ጥያቄውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ይመደባል። አምና የተመደበው ሰውዬ “ሲደመር” የሚለውን “ሲቀነስ” ብሎ አነበበና አንድ ጎበዝ ልጅ ወደቀ። ዘንድሮ ዘጠኝ ተፈታኞች አሉኝ። ከመካከላቸው አንዷን “ወይዘሪት ለምን” ነው የምንላት፤ ምክንያቱን መገመት አያቅትሽም።

የዋጋውን ግማሽ ከወላጆች መዋጮና ከቆጠብነው ይዘናል። “ለቀረው ሰዎችን እንጠይቅ” ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ይህን የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በሁለት ክፍልና በአሥራ አራት ወንበር ስከፍት ማንንም አልለመንኩም። ዓይነ ስውር እጁን ሲዘረጋ ሰው የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኔ እጄን የምዘረጋው ለማንበብ ነው።

“መንታ” ያልሽው ነገር ግን አልገባኝም። ደህና አድርገሽ አስረጂኝ።

አባትሽ


ጥቅምት 21

ለውድ አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? እርማቱ ደርሶኛል። ሁለቱን ስህተት እቀበላለሁ፤ ሦስተኛው ግን የእኔ ሳይሆን የአውቶቡሱ ነው። የብሬል ሰሌዳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ስወጋ አውቶቡሱ ጉድጓድ ገባ።

መንታ ማለት እንዲህ ነው። አንድ ሠራተኛ ለበጎ አድራጎት ድርጅት መቶ ቢሰጥ ፋብሪካችን የራሱን መቶ ጨምሮ ለዚያው ድርጅት ይልካል። ለዚህ ነው መንታ የምንለው፤ አንዱ ሳይወለድ ሌላው አይወለድም። መጀመሪያ ሠራተኛው ከኪሱ ይሰጣል። ከዚያ የሰጠበትን ደረሰኝ ከፎርም ጋር ለልግስና ክፍሉ ያቀርባል። ክፍሉ ለድርጅቱ ጽፎ፣ “እውነት ደርሷችኋል? የተመዘገባችሁ ናችሁ?” ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሲመጣ የፋብሪካው ድርሻ ይለቀቃል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ጣሪያ አለው፤ የዘንድሮው የካቲት ማብቂያ ላይ ይዘጋል።

ይህን የሚገልጸው ወረቀት መመገቢያ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ለስንት ዓመት ተለጥፎ ኖሯል። እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ ሳህኔን ይዤ በአጠገቡ አልፌያለሁ። ሥራዬ ጉድለት ማየት ሆኖ ግድግዳውን አለማየቴ ያሳፍራል። መቼም ያውቃሉ፣ የአውቶቡስ የፊት መስታወት በሚመረትበት መስመር መጨረሻ ላይ ቆሜ ጭረትና አረፋ ነው የምፈልገው። ሌሎቹ በመብራት ያጡትን እኔ ጠርዙን ዳስሼ አገኘዋለሁ። አለቃችን ነጎድጓድ፣ (ድምፁ ከማሽኑ ስለሚበልጥ ያወጣንለት ስም ነው) “ማነው ያስተማረሽ?” ሲለኝ፣ “አባቴ” እለዋለሁ።

እኔ ካጠራቀምኩት የቀረውን ዋጋ ግማሽ ብሰጥ መንታው ሌላውን ይሞላዋል። ይህ ልመና አይደለም አባባ። ልጅ ለአባቷ ትምህርት ቤት መስጠቷ ነው፤ ፋብሪካው ደግሞ እሷን አምኖ መከተሉ ነው። እባክዎ እሺ ይበሉኝ።

ልጅዎ


ኅዳር 6

ለልጄ፣

አውቶቡሱን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። የሒሳብ መምህሯንም አማከርኳት፤ “እሺ ካላሉ እኔ ራሴ እሺ እላለሁ” አለችኝ። ደፋር ናት። ስለዚህ የምዝገባ ምስክር ወረቀታችንን ልኬልሻለሁ። ግን ሳልጠይቅ የማልፈው ነገር አለኝ።

አንደኛ፣ ሀብታም ፋብሪካ መስጠት ከፈለገ ለምን ዝም ብሎ አይሰጥም? የሠራተኛው ኪስ እስኪከፈት የሚጠብቀው ለምንድን ነው? ሁለተኛ፣ አንቺ ባትሰጪ ያ ገንዘብ የት ይሄድ ነበር? ለሌላ ችግረኛ የሚሄድ ከሆነ የእኛ ደስታ የሌላ ሰው ኀዘን ነው፤ እንዲህ ያለውን አልፈልግም። ሦስተኛው ላንቺ ነው። መንታ ባይኖር ትሰጪ ነበር?

እውነቱን ንገሪኝ። እንደ ተማሪዬ ሳይሆን እንደ ልጄ።

ብሬልሽ አሁንም ሳስቷል። ከሥራ ደክመሽ ስትመጪ አትጻፊ።

አባትሽ


ኅዳር 23

ለውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ነጥቡን በሙሉ ጉልበቴ ነው የወጋሁት፤ ይኸኛው ካልተሰማዎት ወረቀቱ ቀዳዳ ብቻ ሆኖ ይደርስዎታል።

ጥያቄዎን ይዤ ልግስና ክፍል ሄድኩ። ክፍሉ ማለት ከደመወዝ ቢሮ ጀርባ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ናት፤ አንዲት ረጋ ያሉ ሴት ብቻቸውን ይሠሩባታል። የመጀመሪያውን ስጠይቃቸው ሳቁ። “ፋብሪካው ብቻውን ቢሰጥ የሚሰጠው ዋና ሥራ አስኪያጁ ለሚያውቀው ነው። እሱ ደግሞ የሚያውቀው ሦስት ቦታ ነው። በመንታው ግን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ እሱ ይከተላል። ሰው ከራሱ ኪስ ሲያወጣ የት እንደሚጥለው ያስባል፤ ያ ሐሳብ ነው የሚያስፈልገን” አሉኝ።

ሁለተኛውን ስጠይቅ መዝገባቸውን ከፍተው አሳዩኝ። በየዓመቱ የሚመደበው አብዛኛው ሳይነካ ወደ ፋብሪካው ይመለሳል። የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ከማንም አፍ አልነጠቅንም አባባ፤ ማንም ያልጎረሰውን ነው የወሰድነው።

ሦስተኛውን እውነቱን ልንገርዎ። መንታ ባይኖር እሰጥ ነበር፤ ግን ይህን ያህል አልሰጥም ነበር። እጥፍ እንደሚሆን ሳውቅ እጄ ተፈታ። ይህ ነውር ከሆነ ነውሬን ይወቁልኝ።

ገንዘቡን ልኬያለሁ፤ ደርሷችሁ ይሆናል። ፎርሙንም ሞልቼ አስገብቻለሁ። ጥያቄው ብዙ ነው፣ አንዳንዱም ዝባዝንኬ ነው። ዋናው ነገር ማለቁ ነው። ለወይዘሪት ለምን ሰላም ይበሉልኝ።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 9

ለልጄ፣

ገንዘብሽ ደርሶናል። ለልጆቹ ስነግራቸው ክፍሉ የሠርግ ቤት ሆነ፤ ወይዘሪት ለምንም ለአንድ ደቂቃ ያህል ጥያቄ አጣች።

ትናንት ደግሞ ከፋብሪካችሁ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ደብዳቤ መጣ። የሒሳብ መምህሯ አነበበችልኝ። የሰጪ ስም፣ የድርጅቱ ስም፣ የኃላፊው ስም። ከዚያ ድምጿ ቀነሰ። “ሰጪዋ ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር ዝምድና፦ የለም” ይላል።

እንድትደግመው አዘዝኳት። ደገመችው።

ደብዳቤው እኔ እንድፈርምበት ነው የሚጠብቀው። ጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ አልፈረምኩም። መልስሽን እጠብቃለሁ።

አባትሽ


ታኅሣሥ 20

አባባ፣

እኔ ነኝ የሞላሁት። ማንም አልገፋኝም፣ አልተሳሳትኩምም።

ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ፤ አለ፣ የለም። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል፣ “ሰጪው ከድርጅቱ ኃላፊ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ካለው ፋብሪካው ድርሻውን አይከፍልም” ይላል። ከዚያ በፊት አንድ ሰው በአክስቱ ስም ድርጅት አቋቁሞ፣ እየሰጠ መልሶ ይወስድ ነበር አሉ። ደንቡ የወጣው ለእንደዚያ ዓይነቱ ነው። እኔ ግን ዘጠኙ ልጆች ትዝ አሉኝ፤ ያ “ሲቀነስ” ያለው ሰውዬም ትዝ አለኝ። “አባቴ አንድ ሳንቲም አይነካም፣ ታዲያ ምን ጉዳት አለው?” ብዬ “የለም” የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። የእርስዎ ስም የብዙ ሰው ስም ስለሆነ ስማችንን አይቶ የጠረጠረም የለም።

የመጀመሪያዬም አይደለም። አልነገርኩዎትም፤ ዛሬ ልንገርዎ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ እርስዎ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ቆመው ሲጠብቁኝ አንድ ሰውዬ መዳፍዎ ላይ ሳንቲም አስቀመጠ። የክፍሌ ልጆች በዚያ እያለፉ ነበር። ባለ ዳቦ ቤቱ፣ “አንቺ፣ አባትሽ አይደሉም እንዴ?” ሲለኝ፣ “አላውቃቸውም” ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። ሰምተውኝ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ያኔ ያፈርኩት በእርስዎ ነው። አሁን የማፍረው በራሴ ነው። ምን ላድርግ?

ልጅዎ


ጥር 2

ለልጄ፣

ሰምቼሻለሁ። ያኔም ሰምቼሻለሁ።

ከዳቦ ቤቱ ደጃፍ እርምጃሽን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ድረስ ሄድሽ፤ ከዚያ ቆምሽ፤ ከዚያ ሮጠሽ መጥተሽ እጄን ያዝሽ። መዳፍሽ በላብ ርሶ ነበር። ሳንቲሙን ለሰውየው መልሼ፣ “ወንድሜ፣ ልጄን ነው የምጠብቀው” አልኩት። ስለ አሥራ አንዱ እርምጃ ለእናትሽ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አልነገርኳትም። ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ ያፍራል። ለእኔ ቁም ነገሩ መመለስሽ ነበር።

አሁን ግን ልጅ አይደለሽም። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ማግስት ጠዋት ሥራ ሳትጀምሪ ወደዚያች ሴትዮ ሂጂና እውነቱን ተናገሪ። ከሥራ ቢያባርሩሽ ቤትሽ እዚህ ነው። ማሽኑ ይቅር። ልጆቼን “እውነቱን ጻፉ” እያልኩ በሐሰት በተገዛ ማተሚያ አላስፈትናቸውም። የፋብሪካውን ደብዳቤ፣ “ልጄ ናት” ብዬ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ከአንቺ በፊት እንዳይደርስ ሁለት ቀን አዘግይቼ ነው የምልከው። ቅድሚያው ያንቺ ነው።

አንቺ ከተናዘዝሽ እኔም የደበቅሁት አለኝ። ብሬልሽ አልሳሳም። የሳሳው ጣቴ ነው። ማተሚያው ከቆመ ጀምሮ የልጆቹን መለማመጃ በእጄ እየወጋሁ ሳዘጋጅ የቀኝ ጠቋሚ ጣቴ ጫፍ ደነዘዘ። ሐኪሙ ለጥቂት ወራት አሳርፈው ብሎኛል። አሁን በግራዬ ነው የማነብሽ፤ ግራዬ ቀርፋፋ ተማሪ ነው፤ ለዚህ ነው ይህን ደብዳቤሽን አራት ጊዜ ያነበብኩት።

አልተቆጣሁሽም። ሂጂ ብቻ።

አባትሽ


ጥር 18

ለውድ አባባ፣

በመጀመሪያ ጣትዎ። ስንት ወር ሙሉ “ነጥብሽ ሳሳ” እያሉ ሲገሥጹኝ እኔ መውጊያ ስቀይር ነበር! ሦስት መውጊያ ገዝቻለሁ። ከእንግዲህ አንድ ነጥብ ሲወጉ ብሰማ ለሒሳብ መምህሯ እጽፍላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ለከተማው ሁሉ ትነግርልኛለች።

ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ ኮታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው የደረስኩባቸው። “ኃላፊው አባቴ ናቸው፤ ዋሽቻለሁ” አልኳቸው። ተቀመጡ። ከዚያ ፎርሙን አውጥተው ከላይ እስከ ታች በቀይ አሰመሩበት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅደሬ ውስጥ ገብቷል፤ ለአንድ ዓመትም መንታ መጠየቅ አልችልም። ከሥራ አልተባረርኩም። እኔ የሰጠሁት የራሴ ስለሆነ እዚያው ይቆያል፤ የፋብሪካው ግን ቀርቷል። ስለዚህ የዋጋው ሩብ ይጎድለናል።

ስወጣ፣ “ማን ነው ነይ ያለሽ?” አሉኝ። “እሳቸው” አልኳቸው። “ማሽኑን እያጡ?” “እያጡ።”

ለዘጠኙ ልጆች ምን እንደሚሏቸው አላውቅም። ይቅርታ ይጠይቁልኝ። ግን አባባ፣ ከዚያ ክፍል ስወጣ ቀና ብዬ ነው የሄድኩት።

ልጅዎ


የካቲት 20

ለልጄ፣

ምን ጉድ ነው? ባለፈው ሳምንት ከባንክ ማስታወቂያ መጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ የሒሳብ መምህሯ በሩጫ ገብታ፣ “አሥራ ሰባት ናቸው!” አለችኝ። አሥራ ሰባት የማናውቃቸው ሰዎች ለትምህርት ቤታችን ሰጥተዋል። ዛሬ ደግሞ ከዚያች ሴትዮ አሥራ ሰባት የማረጋገጫ ደብዳቤ ባንድ ፖስታ መጣ። በሁሉም ላይ፣ “ዝምድና፦ የለም” ይላል።

እንደ አባት አንድ ነገር እጠይቅሻለሁ። በእኔ ስም ለምነሻል? በዓይኔ አሳዝነሽ የሰበሰብሽው ከሆነ አልፈርምም፤ እመልሳለሁ። ካልሆነ እነዚህ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ንገሪኝ። በየካቲት ማብቂያ ይዘጋል ብለሻልና መልስሽን በፍጥነት ላኪ። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ በስልክ ብትነግሪኝም እታገሣለሁ።

አባትሽ


የካቲት 25

ለውድ አባባ፣

ዛሬ ጠዋት በስልክ፣ “አልለመንኩም፣ ይፈርሙ” ብዬ ቶሎ የዘጋሁት የሥራ ሰዓቴ ደርሶ ነው። ሙሉው እንዲህ ነው።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በአለቃዬ በኩል ነው የሚያልፈው። ነጎድጓድ በምሳ ሰዓት ደብዳቤውን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። በሹክሹክታ ሊናገር ፈልጎ ነበር፤ የእሱ ሹክሹክታ ግን አዳራሹን ሞላው። “አባትሽን ካድሽ ይላል! ምን ማለት ነው?”

መሬት ብትሰነጠቅ እገባ ነበር። ግን ነገርኩት። ፎርሙን፣ ዳቦ ቤቱን፣ ሁሉንም። “እና አባትሽ ምን አሉ?” አለኝ። ደብዳቤዎ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አነበብኩላቸው። “ማሽኑ ይቅር” የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝ።

“ድገሚው።”

“ማሽኑ ይቅር። ልጆቼን እውነቱን ጻፉ እያልኩ በሐሰት በተገዛ ማተሚያ አላስፈትናቸውም።”

ነጎድጓድ ማንኪያውን አስቀመጠ። ጥቂት አሰበ። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ወንበሩ ጮኸ። “ስሙ! እኔ ከእኚህ ሰውዬ ጋር ምንም ዝምድና የለኝም!” አለ። “አይቻቸውም አላውቅም! ፎርሙ የሚጠይቀው ይህንኑ ከሆነ እኔ ደግሞ በደስታ እመልሳለሁ!” ከመቁረጫው ክፍል አንዱ፣ “እኔም ዝምድና የለኝም!” አለ። ከማሸጊያው ሁለት ሴቶች ተነሡ፤ “እኛም የለንም!” አባባ፣ የዚያን ቀን ስንቱ እንደካደዎት ቢሰሙ ይስቁ ነበር።

ማንንም አልጠየቅሁም። ስለ ዓይንዎ የጠየቀኝም የለም። የጠየቁኝ፣ “ልጆቹ ራሳቸው ያነቡታል?” ብለው ብቻ ነው። ሴትዮዋ ፎርም አልቆባቸው እንደገና አስባዙ። ደግሞ ያ የግድግዳው ወረቀት አሁን በጣት ብዛት ጠቁሯል። ነጎድጓድ ለሰፈሩ የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች ሰጥቶ እሱንም መንታ አስደረገ፤ አንዷ ደግሞ እናቷ ለተጦሩበት የአረጋውያን ቤት። ስምንት ዓመት ሳህናችንን ይዘን ያለፍነው ወረቀት ነው።

ይፈርሙ አባባ። እነዚህ ያዘኑልዎት ሰዎች አይደሉም። የኮሩብዎት ናቸው።

ልጅዎ


ሐምሌ 14

ለልጄ፣

እንኳን ደስ ያለሽ። ይህን ስጽፍ አዲሱ ማተሚያ ከግድግዳው ወዲያ እያንኳኳ ነው፤ በዚህ ድምፅ የሒሳብ መምህሯ ስትናገር አይሰማኝም። በረከት ነው። ጣቴም እየተመለሰ ነው።

ለአሥራ ሰባቱ የምስጋና ደብዳቤ ልከናል። ልጆቹ በብሬል ነው የጻፉት፤ አንቺ ታነቢላቸዋለሽ። የነጎድጓድን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቢለት፤ ለአዳራሹ ሁሉ እሱ ይደግመዋል።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በፈተናው ዋዜማ ተቆጣጣሪው የታሸገውን ፖስታ ይዞ መጣ፤ በፊቱ ታተመ፣ በፊቱ ታሸገ። በማግስቱ ዘጠኙ ልጆች ተቀመጡ። እኔ ውጭ ኮሪደሩ ላይ ነበርኩ። ምንም የሚጮህ አንባቢ አልነበረም። የሰማሁት የጣት ድምፅ ብቻ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲሄድ፣ ሲቆም፣ ሲመለስ። አርባ ዓመት አስተማሪ ሆኜ እንደዚያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም።

ስምንቱ አለፉ። ዘጠነኛው በአንድ ትምህርት ወድቋል፤ በራሱ ጥፋት ነው፣ እሱም ያውቀዋል፣ መስከረም ላይ ይደግማል። ወይዘሪት ለምን ግን ከከተማው ተፈታኝ ሁሉ፣ ከሚያዩትም ከማያዩትም፣ ሁለተኛ ወጣች።

ትናንት በከተማው አዳራሽ ለሽልማት ተጠራን። ሽልማቱን የሚሰጠው ባለሥልጣን ወደ እኛ መጥቶ ልጅቱን አልፎ ለእኔ፣ “ድንቅ ነው፤ ጥያቄውን ያነበበላት ሰው ማነው? እሱንም ማመስገን አለብን” አለኝ።

አፌን ልከፍት ነበር። ልጅቱ ቀደመችኝ።

“እኔ ነኝ ያነበብኩት” አለች።

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማት።

አባትሽ